የአቤሜሌክ በለስ፤ በተረፈ ባሮክ ላይ የቀረበ ሐተታ

በቤተ ክርስቲያናችን ከትንቢተ ኤርምያስ ጋር የሚቈጠረው ተረፈ ባሮክ የሚባለው መጽሐፍ በመጠኑ ትንሽ ነው። ከቅዳሴ መልስ የጀመረው ሰው ምሳ ሳይቀርብ አንብቦ ይጨርሰዋል። ይሁን እንጂ ስለ ተስፋ ከተጻፉት ብዙ መጻሕፍት መካከል ከእርሱ ጋር የሚተካከል ጥቂት ይመስለኛል። ይልቁንም ኢየሩሳሌምን ለመሳለም የሚመጣው ወገናችን ሊያነበው የተገባ ነው፤ ታሪኩ የሚፈጸመው በዚህችው ከተማ በርና በዙሪያዋ ባለው የተራራ መንገድ ላይ ሲሆን፥ ከባለ ታሪኮቹም አንዱ ኢትዮጵያዊ ነውና።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ ግን የመጽሐፉ መልካምነት ብቻ አይደለም። ከጥቂት ጊዜ በፊት በበዓለ ትንሣኤ ሰሞን፥ ተሳላሚዎች በተሰበሰቡበት፥ አንድ ሰባኪ የአቤሜሌክን ታሪክ ሲተርክ ሰማሁ። አተራረኩ ያማረ ነበር። ወደ ፍጻሜው ሲደርስ ግን የታሪኩን ምሥጢር በአንድ ቃል አሰረው፤ ይኸውም እግዚአብሔር የሚወዳቸውን ሰዎች ክፉ ዘመን እስኪያልፍ ድረስ ያስተኛቸዋል፥ የክርስቲያን ተስፋም ይኸው ነው የሚል ነበር። ሕዝቡ አሜን አለ፤ እኔም ከሕዝቡ ጋር አሜን አልሁ። ጉባኤው ከተበተነ በኋላ ከሰሜኑ አገራችን የመጡ አንዲት እናት ነጠላቸውን አጣፍተው ከደረጃው ሥር ጠበቁኝ። በ2013 ዓ.ም. ተነሥቶ በ2015 ዓ.ም. በስምምነት በቆመው ጦርነት ሁለት ልጆች የሞቱባቸው ናቸው። «የኔታ፥» አሉኝ፥ «የሚወደውን የሚያስተኛ ከሆነ እኔን ምነው ሳያስተኛኝ ቀረ? አንዲት ሌሊት እንኳ እንቅልፍ ሳይወስደኝ ሁሉን አየሁት። ጽድቅ ቢጐድለኝ ነው እንዴ?»

«እንዲህማ አይበሉ እናቴ» ከማለት በቀር ለጊዜው መልስ አላገኘሁም። ማታ ወደ ማደሪያዬ ተመልሼ መጽሐፉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብሁት። ሰባኪው የተናገረው በመጽሐፉ ውስጥ አለ፤ ነገር ግን እኩሌታው ነው። እኩሌታ ተስፋም አንዳንድ ጊዜ ከተስፋ መቍረጥ ይልቅ ሰውን ይጐዳል።

ታሪኩን ለማያስታውስ አንባቢ በአጭሩ ላመልክት። ከለዳውያን ኢየሩሳሌምን ሊያጠፉ በቀረቡ ጊዜ እግዚአብሔር ለነቢዩ ለኤርምያስና ለጸሐፊው ለባሮክ ነገሩን አስቀድሞ ገለጠላቸው። ኤርምያስም ስለ ኢትዮጵያዊው ስለ አቤሜሌክ ጠየቀ። ይህ ሰው በትንቢተ ኤርምያስ በ38ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈው ነቢዩን ጭቃ ካለበት ጕድጓድ በገመድ ያወጣው፥ ገመዱም ብብቱን እንዳይቈርጠው አሮጌ ጨርቅ የላከለት ጃንደረባ ነው። እንዲህ ያለ ርኅራኄ ያለው ሰው የከተማዪቱን ጥፋት አይቶ እንዳያዝን ነቢዩ ለመነለት፤ እግዚአብሔርም ወደ ወይኑ ቦታ እንዲልከው፥ እርሱ ራሱም እንደሚጋርደው ነገረው። በማግሥቱ ኤርምያስ ለሕዝቡ ሕሙማን የሚሰጥ በለስ እንዲያመጣ አቤሜሌክን ላከው። እርሱም በለሱን ለቅሞ ሲመለስ ቀትር ሆነበትና ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጠ፤ ራሱን በቅርጫቱ ላይ አስደግፎ አንቀላፋ። 66 ዓመት ተኛ። በዚያው ጊዜ ከተማዪቱ ተያዘች፤ ኤርምያስ የመቅደሱን መክፈቻ ወደ ፀሐይ ወረወረ፤ ሕዝቡም ወደ ባቢሎን ተማረከ።

የአቤሜሌክ መንቃት ከመጽሐፉ ክፍሎች ሁሉ የላቀ ነው። ጸሐፊው በዚህ ስፍራ ነጐድጓድም መብረቅም አላመጣም። አቤሜሌክ ሲነቃ ጥቂት እንደ ተኛ ሰው ራሱ ከብዶታል፤ ደግሞ ሊተኛ ይወዳል፤ ነገር ግን ኤርምያስ በችኰላ ልኮታልና ዘገየሁ ብሎ ይፈራል። ሙቀቱና ድካሙ የየዕለቱ አይደለምን ብሎም ራሱን ይገሥጻል። ይህን ያነበበ ሰው ፈገግ ሳይል አያልፍም፤ ዓለም ሁሉ ተለውጣ ሳለ እርሱ የሚያስበው መልእክቱ እንዳይዘገይ ነውና። ወደ ከተማዪቱ ገብቶ ቤቱንም ሰፈሩንም አላወቀውም። መንገድ የሳትሁ እንደ ሆነ ብሎ ወጣ፤ ምልክቶቹን አይቶ ተመለሰ፤ እንደ ገና ወጣ። በመጨረሻም ቅርጫቱን አስቀምጦ ከከተማ ውጭ ተቀመጠ። ከእርሻ የሚመለስ አንድ ሽማግሌ አግኝቶ ኤርምያስና ባሮክ ወዴት እንዳሉ ጠየቀው። ሽማግሌው ሕዝቡ ወደ ባቢሎን ተማርኳል ባለው ጊዜ አቤሜሌክ የሽማግሌውን ዕድሜ ባያከብር ኖሮ ሊስቅበት ነበር፤ በለሱን ገና አሁን መልቀሙን ለማስረዳትም ቅርጫቱን ከፍቶ አሳየው። በለሱ ገና ውኃው ይንጠባጠብ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ በለስ ጥቂት ልናገር። በሰሜኑ ክፍላችን በለስ ሲባል ለብዙ ሰው ትዝ የሚለው እሾኻሙ የቍልቋል ፍሬ ነው። በመጽሐፉ የተነገረው ግን በዚህ አገር በየግንቡ ሥር የሚበቅለው፥ ቅጠሉ ሰፊ የሆነ፥ ከሾላና ከዋርካ ጋር የሚዛመደው ዛፍ ነው። ፍሬው በበሰለ ጊዜ ቈዳው ስስ ነው፤ ከተለቀመም በኋላ በሙቀት አንድ ሁለት ቀን ሳይቈይ ይፈርሳል። በገበያ የገዛው ተሳላሚ ወደ ማደሪያው ሳይደርስ ከረጢቱ ውስጥ ሲቀልጥበት አይቶ ይሆናል። ጸሐፊው ሮማን ወይም ተምር ሊመርጥ ይችል ነበር፤ እነዚያ ብዙ ይቈያሉ። ከፍሬ ሁሉ ፈጥኖ የሚፈርሰውን መምረጡ ግን ያለ ምክንያት አይመስለኝም።

ይህን ከሰብዓቱ ደቂቅ ዘኤፌሶን ታሪክ ጋር ብናስተያየው ልዩነቱ ይገለጣል። በስንክሳራችን እንደሚነበበው እነዚያ ወጣቶች በዳኬዎስ ዘመን በዋሻ አንቀላፍተው በቴዎዶስዮስ ዘመን ነቅተዋል፤ ዘመን እንዳለፈ የታወቀውም ከመካከላቸው አንዱ እንጀራ ሊገዛ በያዘው ገንዘብ ነው። ገንዘቡ የሞተውን ንጉሥ መልክ ይዞ ነበርና ባለ ሱቁ ደነገጠ። በዚያ ታሪክ ምስክሩ ያረጀ ነገር ነው፤ በዚህ ግን ምስክሩ ያላረጀ ነገር ነው። ገንዘቡ ስንት ዘመን እንዳለፈ ይናገራል፤ በለሱ ዘመን ያልነካው ነገር እንዳለ ይናገራል። ሁለቱም ስለ ትንሣኤ ሙታን የተነገሩ ናቸው፤ እኔ ግን በለሱን እመርጣለሁ። ገንዘብ አይበላምና።

እንግዲህ ወደ እናታችን ጥያቄ ልመለስ። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ የሚወደዱት ሰዎች ሦስት ናቸው፤ ኤርምያስ፥ ባሮክና አቤሜሌክ። ከሦስቱ የተኛው አንዱ ብቻ ነው። ኤርምያስ ከሕዝቡ ጋር ወደ ባቢሎን ወርዶ መከራውን ሁሉ በዐይኑ አየ፤ በዚያም የሞቱትን የሚቀብርበት ቦታ ከናቡከደነፆር እስከ መለመን ደረሰ። ባሮክ በኢየሩሳሌም ቀረ፤ ከከተማዪቱ ወጥቶ በመቃብር ውስጥ ተቀምጦ ያለቅስ ነበር። አቤሜሌክ በጥላ ሥር የተኛባቸው ዓመታት ባሮክ በመቃብር ውስጥ ነቅቶ የኖረባቸው ዓመታት ናቸው። ጸሐፊው የሁለቱን ዓመታት በአንድ ልክ ሰፈረ፤ የአንዱ ግን እንደ ቀትር እንቅልፍ ዐጠረ፥ የሌላው ሽበትና እንባ ሆነ። ከሁለቱ የትኛው ይበልጥ እንደሚወደድ መጽሐፉ አልተናገረም። ነቢዩም አልተኛም፤ ጽድቅ ጐድሎት ነው የሚል ግን አይገኝም።

በዚህ ነገር ሰባኪውን ፈጽሜ ልወቅሰው አልችልም፤ ለቃሉ ድጋፍ የሚሆን ክፍል በመጽሐፉ አለና። ኤርምያስ ከባቢሎን ለባሮክ በላከው ደብዳቤ፥ ባሮክ ወደ ባቢሎን ሳይወርድ መቅረቱ ከእግዚአብሔር ምሕረት እንደ ሆነ ይነግረዋል። ምሳሌም ይሰጠዋል፤ አንድ ልጁ ለቅጣት ተላልፎ የተሰጠበት አባት ሲኖር የሚያጽናኑት ሰዎች የልጁን ሥቃይ እንዳያይ ፊቱን ይሸፍኑታል ይላል። በልቅሶ ቤት የዋለ ሰው ሁሉ ይህን ያውቀዋል፤ ሟች ሲወጣ እናትን ወደ ጓዳ የሚያስገቧት ለዚሁ ነው። አለማየት ምሕረት የሚሆንበት ጊዜ አለ። ነገር ግን ይህን የጻፈው ማን እንደ ሆነ እናስተውል። የጻፈው ፊቱ ያልተሸፈነለት ኤርምያስ ነው። እርሱ እያየ ሳለ ሌላው ባለማየቱ ደስ ይለዋል፤ ቅናትም ማጕረምረምም በደብዳቤው የለም። ሰባኪው የተሸፈነውን ፊት አሳየን፤ መሸፈኛውን የያዘውን እጅ ግን ሳያሳየን ቀረ።

ከዚህም የሚበልጠው የበለሱ ጕዞ ነው። ብዙዎች በለሱን እንደ ምልክት ብቻ ተመልክተው ያልፉታል። ነገር ግን በለሱ በመጀመሪያ ምልክት እንዲሆን አልተለቀመም፤ የታመሙ ሰዎች እንዲበሉት ተለቀመ እንጂ። ይህን ይዘን ታሪኩን የተከታተልን እንደ ሆነ ጸሐፊው ቅርጫቱን አንድ ጊዜ እንኳ እንዳልዘነጋው እናያለን። አቤሜሌክ በመጀመሪያ ከበለሱ ለዚያ ለማያውቀው ሽማግሌ ሰጠው፤ እግዚአብሔርም ወደ ላይኛዪቱ ኢየሩሳሌም መንገዱን እንዲያበራለት መረቀው። ቀጥሎ መልአክ መርቶ ባሮክ ወዳለበት መቃብር አደረሰው፤ ተቃቅፈውም አለቀሱ። ባሮክ በለሱን ባየ ጊዜ ለገዛ ሥጋው ይናገር ጀመር፤ እነዚህን ፍሬዎች የጠበቀ አምላክ አንተንም ይጠብቅሃል፥ በድንኳንህም ያኖርሃል የሚል አሳብ ነው። በመቃብር የተቀመጠ ሰው ይህን ሲል የሙታን ትንሣኤ እንደ ትምህርት አይሰማም፤ በአፍንጫው እንደ ገባ የፍሬ ሽታ ይሰማል። ከዚያም ባሮክ ደብዳቤ ጻፈ፤ በለሱንም ጨምሮ በንስር አንገት ላይ አሰረው። ንስሩም ወደ ባቢሎን በርሮ ኤርምያስና ሕዝቡ ሬሳ ሊቀብሩ በወጡበት ስፍራ አረፈ፤ በሬሳው ላይ በወረደም ጊዜ ሙቱ ተነሣ። ደብዳቤው ለሕዝቡ ከተነበበ በኋላ ኤርምያስ በለሱን ወስዶ በሕዝቡ መካከል ለነበሩት ሕሙማን አደለ።

ይህችን የመጨረሻዪቱን ነገር ሰባኪያን ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። ንስሩና የተነሣው ሙት የሰውን ጆሮ ስለሚይዙ ተሸፍና ቀርታለች። ሆኖም የመጽሐፉ ልብ በእርሷ ያለ ይመስለኛል። ኤርምያስ በዚያ ማለዳ ለሕሙማን በለስ አምጣ ብሎ አዘዘ፤ ትእዛዙም ከ66 ዓመት በኋላ፥ በሌላ አገር፥ በራሱ በኤርምያስ እጅ ተፈጸመ። በመካከሉ ከተማ ጠፋ፥ መቅደስ ተቃጠለ፥ አንድ ትውልድ ዐለፈ፤ የታዘዘው ቅርጫት ግን አልቀረም። እንግዲህ አቤሜሌክ የተጠበቀው ለራሱ ብቻ አልነበረም፤ በእጁ የሌላ ሰው ድርሻ ነበረበት። የጠበቀውም እንቅልፉ አይደለም፤ እንቅልፍማ ራሱን ከማክበድ በቀር ያተረፈለት ነገር በመጽሐፉ አልተጻፈም።

ስለ መጽሐፉ ዘመን ጥቂት ማመልከት ይገባል። የግእዙን ንባብ ጀርመናዊው ሊቅ ዲልማን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1866 ዓ.ም. በላይፕሲግ አሳተመው፤ የጽርኡንም እንግሊዛዊው ሬንደል ሐሪስ በ1889 ዓ.ም. አወጣው። በጽርኡ የወይኑ ቦታ የአግሪጳ ይባላል፤ ይህ ከሄሮድስ ወገን የሚታወቅ የሮማውያን ስም ነውና ጸሐፊው ከኤርምያስ ብዙ ዘመን በኋላ የኖረ መሆኑን ያስረዳል። ነቢዩ የተነበየው የምርኮ ዘመን 70 ሲሆን እዚህ 66 መባሉን ሐሪስ ሲመረምር፥ ሮማውያን መቅደሱን ካቃጠሉበት ከ70 ዓ.ም. ጀምሮ ቢቈጠር 136 ዓ.ም. ላይ እንደሚደርስ አሳየ። ይህም የባር ኮክባ ዐመፅ በ135 ዓ.ም. ከተደመሰሰ፥ አይሁድም ወደ ኢየሩሳሌም እንዳይገቡ ከተከለከሉ በኋላ ማለት ነው። አሳቡን ሁሉም ሊቃውንት አልተቀበሉትም። እውነት ከሆነ ግን መጽሐፉ የተጻፈው መመለስ በተከለከለበት ዘመን ነው፤ ስለ መመለስ የሚናገር ተስፋ የተጻፈው በሩ በተዘጋበት ሰዓት ነው።

ጕድለት የለበትም አልልም። ምርኮኞቹ ሲመለሱ ባቢሎናውያን ሚስቶቻቸውን መተው ያልፈለጉት ወደ ከተማዪቱ እንዳይገቡ ተከለከሉ፤ ባቢሎንም አልቀበላቸው ስትል ሰማርያን ሠርተው ተቀመጡ ይላል። እነዚህ ሰዎች በመጽሐፉ ውስጥ ስም የላቸውም፤ ልጆቻቸውም አልተነሡም። ጸሐፊው ለአንድ ቅርጫት በለስ ያን ያህል ሲጠነቀቅ ለእነርሱ አንድ ቃል አላዘነም፤ ኤርምያስ ንስሓ እንዲገቡ ከመምከሩ በቀር። ጌታ ከሳምራዊቷ ሴት ጋር በጕድጓዱ አጠገብ መነጋገሩን የሚያውቅ ክርስቲያን ይህን ክፍል ሲያነብ ቅር ሊለው ይገባል፤ እኔም ቅር ይለኛል።

የመጽሐፉ ፍጻሜ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሳይነገር የሚታለፍ ነው። ተራኪዎች ሕዝቡ ወደ ኢየሩሳሌም በገባበት ቦታ ያቆማሉ፤ ደስታ ያለው በዚያ ነውና። መጽሐፉ ግን አያቆምም። ኤርምያስ መሥዋዕት አሳርጎ ሳለ ነፍሱ ከሥጋው ተለየች፤ በሦስተኛው ቀን ተመልሳ ሕያው ሆነ፤ የእግዚአብሔር ልጅ ኢየሱስ ክርስቶስ ወደ ዓለም እንደሚመጣ፥ ሐዋርያትን እንደሚመርጥ፥ በደብረ ዘይትም ላይ እንዳየው ተናገረ። ሕዝቡ ይህን ሰምቶ ተቈጣ፤ በድንጋይም ሊወግረው ተነሣ። እግዚአብሔር አንድ ድንጋይ የኤርምያስን መልክ እንዲይዝ አደረገና፥ ሰዎቹ ያንን ሲወግሩ ነቢዩ ያየውን ምሥጢር ሁሉ ለባሮክና ለአቤሜሌክ ነግሮ ጨረሰ። ከዚያም በፈቃዱ በመካከላቸው ቆመ፤ ሞተም። የቀበሩት ያልተኛው ባሮክና የተኛው አቤሜሌክ በአንድነት ናቸው፤ ያንንም ድንጋይ በመቃብሩ ላይ አኖሩት።

አንዳንድ ሊቃውንት ይህ የመጨረሻ ክፍል በክርስቲያን እጅ ኋላ የተጨመረ ነው ይላሉ። ሊሆን ይችላል። በግእዙ ግን ከቀደመው ጋር ተያይዞ አንድ መጽሐፍ ሆኖ ይነበባል፤ ያያያዘውም ሰው ያደረገውን ያውቅ ነበር። ተስፋው በከተማዪቱ መታነጽ የሚፈጸም ቢሆን ኖሮ መጽሐፉ በደስታ ባለቀ ነበር። ሕዝቡ የናፈቃትን ከተማ አግኝቶ በውስጥዋ ነቢዩን ገደለ። ገና የሚመጣውን የነገራቸው እርሱ ሲሆን፥ እነርሱ ግን የተመለሰላቸው በቃቸው። ወደዚህች ከተማ ደርሶ፥ መቃብሩን ስሞ፥ መስቀሉንና ጧፉን ገዝቶ ሁሉ ተፈጸመልኝ ብሎ የሚመለስ ተሳላሚ ይህን ክፍል አንድ ጊዜ ሊያነበው ይጠቅመዋል። በእኩለ ጾም ደብረ ዘይትን ስናከብር ዳግም ምጽአቱን የምናስበው፥ የምንጠብቀው ከኋላችን ሳይሆን ከፊታችን ስለ ሆነ ነው።

በማግሥቱ እኒያን እናት ፈለግኋቸው። ከጓደኞቻቸው ጋር ወደ ዮርዳኖስ የሚወስዳቸውን አውቶቡስ ሲጠብቁ አገኘኋቸውና ከአጥሩ ሥር ተቀምጠን ስለ ባሮክ ነገርኋቸው፤ በመቃብር እንደ ተቀመጠ፥ እንዳልተኛ፥ ደብዳቤውን የጻፈውም እርሱ እንደ ሆነ። በለሱ በመጨረሻ ለታመሙት እንደ ደረሰም ነገርኋቸው። እስከ መጨረሻው ዝም ብለው ሰሙኝ። አውቶቡሱ ሲመጣ ተነሥተው ነጠላቸውን አስተካከሉና፥ «የኔታ፥ ያን ሁሉ ዓመት በመቃብር ውስጥ ሲቀመጥ ምን ይበላ ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። መላእክት እየመጡ ያነጋግሩት እንደ ነበር ተጽፏል፤ ስለ ምግቡ ግን የተጻፈ የለም አልኋቸው። «እንግዲያ በለሱን ሲያይ ርቦት ነበራ» አሉና ወደ አውቶቡሱ ወጡ።